ብዕሩ የሌላ፣ ፊርማው የራስ
ስለ ሥራ ማመልከቻና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

በዚህ እትም ለጥናት የመረጥነው ርእስ በመጀመሪያ ሲታይ ከመንፈሳዊ ትምህርት ይልቅ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ይኸውም የሥራ ማመልከቻ ደብዳቤን በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ስለ ማስጻፍ ነው። ነገር ግን ጉዳዩ እውነትን፣ የዕለት እንጀራንና የሰውን ክብር በአንድነት የሚነካ በመሆኑ በትምህርተ ክርስቶስ ሰዓት ሊነሣ የሚገባው ሆኖ አግኝተነዋል።

ከቦሌ እስከ መገናኛ፣ ከገርጂ እስከ ሲኤምሲና አያት የሚኖሩ ወጣቶቻችን ሥራ የሚፈልጉበትን አካባቢ እናውቀዋለን። የአውሮፕላን ማረፊያው፣ በዙሪያው ያሉት ሆቴሎች፣ ባንኮች፣ የንግድ ድርጅቶችና የውጭ ድርጅቶች ጽሕፈት ቤቶች፣ እንዲሁም የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከየአቅጣጫው ሥራ ፈላጊን ይስባሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ማመልከቻው በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተጽፎ እንዲቀርብላቸው ይፈልጋሉ።

ቀደም ባለው ጊዜ ሥራ ፈላጊው አራት ኪሎ ሄዶ ጋዜጣ በመከራየት የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያዎችን ያነብ፣ አድራሻውን በማስታወሻ ይገለብጥ ነበር። ከዚያም ወደ ኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት ገብቶ አንዱን ደብዳቤ የድርጅቱን ስም ብቻ እየለወጠ ለብዙ መሥሪያ ቤት ያባዛው ነበር። ዛሬ ግን በእጅ ስልኩ ማስታወቂያውን ለመሣሪያው ይሰጠዋል፤ መሣሪያውም ለዚያ ለአንዱ ሥራ ብቻ የተሰፋ የሚመስል ደብዳቤ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ጽፎ ያቀርብለታል። ወጣቱ ስሙን ከግርጌው ያኖርና ይልካል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ አንድ ክርስቲያን እንዲህ ባለው መሣሪያ ቢጠቀም ይገባዋልን? የሚገባውስ ከሆነ እስከ ምን ድረስ?

ሀ. መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

«ቻት ጂፒቲ» የተባለው መሣሪያ ለሕዝብ የቀረበው በኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. (ኖቬምበር 30 ቀን 2022 እ.ኤ.አ.) ነበር። ከዚያ ወዲህ «ጀሚናይ»፣ «ክላውድ» እና ሌሎችም ተመሳሳይ መሣሪያዎች ወጥተዋል። አሠራራቸውን በአጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ ሰዎች ከጻፉት እጅግ ብዙ ጽሑፍ የቃላትን አካሄድ ይማራሉ፤ ከዚያም ከአንዱ ቃል ቀጥሎ የትኛው ሊመጣ እንደሚችል እያሰሉ ዐረፍተ ነገርን ይገነባሉ።

ከዚህ አሠራር ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ መሣሪያው አመልካቹን አያውቀውም። የሚያውቀው መልካም የሚባል ማመልከቻ ምን እንደሚመስል ነው። ስለዚህ ስለ አመልካቹ ያልተነገረው ነገር ሲኖር፣ ክፍተቱን በሚመስል ነገር ይሞላዋል፤ ያልነበረውን የአምስት ዓመት ልምድ፣ ያልተመራውን የሥራ ቡድን፣ ያልተመዘነውን ውጤት ይጨምራል። ይህን በማድረጉ መሣሪያው ዋሸ ማለት አይቻልም፤ ለመዋሸት እውነትን ማወቅና ለማታለል መፈለግ ያስፈልጋልና። ያ ጽሑፍ ውሸት የሚሆነው እውነቱን የሚያውቀው ሰው ሲፈርምበት ነው።

ሁለተኛ፣ መሣሪያዎቹ የተማሩት ጽሑፍ በብዛት እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ እንግሊዝኛቸው ከአማርኛቸው ይልቅ የተስተካከለ ነው። ከዚህም የተነሣ እንግሊዝኛ የሚከብደው ወጣት፣ ራሱ በቅጡ ሊያነበው የማይችለውን ያማረ ደብዳቤ ይቀበላል።

ሦስተኛ፣ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ለአንድ ዓይነት መሣሪያ የሰጡ መቶ ሰዎች የሚቀበሉት ደብዳቤ እርስ በርሱ ይመሳሰላል። ደብዳቤው ለሥራው በልክ የተሰፋ ቢመስልም፣ በአመልካቹ ልክ ግን አልተሰፋም። ልብስ ሰፊ ጨርቁን የሚቆርጠው የለባሹን ትከሻ ከለካ በኋላ ነው፤ ያልተለካ ሰው ልብስ ለማንም ይሆናል፣ ማንንም አያምርበትም።

ለ. ደብዳቤን በሌላ እጅ ማስጻፍ የቆየ ልማድ ነው

ደብዳቤን ለሌላ ማስጻፍ በራሱ ነውር አይደለም። በነገሥታቱ ዘመን የንጉሡን ቃል የሚጽፈው ጸሐፌ ትእዛዝ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙም የጽሕፈት ሚኒስትርነትን ለጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ሰጥተዋል። ብዕሩ የጸሐፊው ቢሆንም ደብዳቤው የሚጸናው በንጉሡ ማኅተም ነበር። ማኅተሙ ካረፈበት በኋላ «ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ጸሐፊው ነው» ማለት አይቻልም።

በታችኛውም ሕዝብ ዘንድ እንዲሁ ነበር። በፍርድ ቤትና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጃፍ የጽሕፈት መኪናቸውን አስቀምጠው ለባለጉዳይ አቤቱታ የሚጽፉትን፣ በተለምዶ ራፖር ጻፊ የሚባሉትን ሰዎች ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ከእነርሱ መካከል ደህናው ጸሐፊ ብዕር ከማንሣቱ በፊት ይጠይቃል፤ ነገሩ መቼ ሆነ? ማን አየ? ምን ማስረጃ አለ? ጽፎ ሲጨርስም ለባለጉዳዩ ያነብለታል። ባለጉዳዩ «አዎን፣ እንዲህ ነው» ካለ በኋላ ብቻ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። መጥፎው ጸሐፊ ግን ሳይጠይቅ ያሳምራል፣ ሳያነብ ያስፈርማል።

ሕጋችንም ይህን አደጋ አስቀድሞ ተመልክቶታል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውል በሚናገርበት ክፍል በቁጥር 1728፣ ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ያኖረው ፊርማ ወይም የጣት ምልክት በዳኛ ወይም ሥልጣን ባለው ሹም ፊት ካልተረጋገጠ በቀር እንደማያስገድደው ይደነግጋል። የሕጉ አሳብ ግልጽ ነው፤ ሰው ያልገባውን ነገር የራሱ ቃል ሊያደርገው አይገባም።

አሁን ወደ ወጣቱ እንመለስ። 12ኛ ክፍልን የጨረሰ፣ ምናልባትም ዲግሪ የያዘ ነው። ነገር ግን መሣሪያው የጻፈለትን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ግማሹን ሳይረዳ ስሙን ካኖረበት፣ ከዚያ አውራ ጣቱን ካተመው ባለጉዳይ የሚለየው ምንድን ነው? የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ለዚያ ባለጉዳይ የሚያነብለት ሰው ነበረው፣ ለዚህኛው ግን ማንም አላነበበለትም።

በቅዱሳት መጻሕፍትም ይህ ሥርዓት ይታያል። የኔርያ ልጅ ባሮክ ቃሉን የጻፈው ከነቢዩ ከኤርምያስ አፍ እየሰማ ነበር (ኤር. 36)። ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች የላከውን መልእክት በብዕር የጻፈው ጤርጥዮስ ሲሆን፣ ይህንኑ ጤርጥዮስ ራሱ በሰላምታው ላይ ያስታውቃል (ሮሜ 16፥22)። ጳውሎስ ግን በመልእክቶቹ ፍጻሜ ሰላምታውን በገዛ እጁ ይጽፍ እንደ ነበረ፣ ይህም የእርሱ መሆኑን የሚያሳውቅ ምልክት እንደ ሆነ ለተሰሎንቄ ሰዎች ነግሯቸዋል (2ኛ ተሰ. 3፥17)። ስለዚህ ብዕር መዋስ ይቻላል፤ ምስክርነት ግን አይዋሱትም።

ሐ. ስምንተኛው ትእዛዝና ማመልከቻው

በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ ስምንተኛው ነው። ብዙ ጊዜ ይህን ትእዛዝ ስናስተምር በፍርድ ቤት ቆሞ በባልንጀራው ላይ የሚመሰክረውን ሰው ብቻ እናስባለን። ነገር ግን ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ምስክር ነው፤ የሚመሰክረውም ስለ ራሱ ነው። የሚሰማውም አሠሪ በዚያ ምስክርነት ተማምኖ ገንዘቡን፣ ንብረቱን፣ አንዳንድ ጊዜም የሰዎችን ሕይወት በአመልካቹ እጅ ያኖራል።

በ1992 እ.ኤ.አ. የታወጀው የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ለዚህ ጉዳይ የሚረዱ ነጥቦችን ይዟል። በቁጥር 2481 ጉራ በእውነት ላይ የሚፈጸም በደል መሆኑን ያስተምራል። በቁጥር 2484 የውሸት ክብደት የሚመዘነው በሚያጣምመው እውነት፣ በሁኔታው፣ በተናጋሪው አሳብና በሚያስከትለው ጉዳት መሆኑን ያስረዳል። በቁጥር 2489 ደግሞ እውነትን ለማወቅ መብት ለሌለው ሰው ሁሉን የመግለጥ ግዴታ እንደሌለብን ይናገራል።

ከእነዚህ ነጥቦች በመነሣት በሁለት ነገሮች መካከል መለየት እንችላለን፤ አንዱ መምረጥ፣ ሌላው መጨመር ነው። ለሆቴል ሥራ የሚያመለክት ሰው በሆቴል ያሳለፈውን ጊዜ አስቀድሞ፣ በግንባታ ሥራ ያሳለፈውን በአጭሩ ቢጠቅሰው ወይም ቢተወው አልዋሸም፤ መረጠ እንጂ። ስለ ቤተሰቡ ችግርና ስለ ጤንነቱ፣ ሥራውን የማይነካ እስከ ሆነ ድረስ፣ ዝም ቢልም አልበደለም። ያልሠራውን ሠራሁ፣ ያልተማረውን ተማርሁ ቢል ግን ጨመረ፤ የሐሰት ምስክርም ሆነ።

ለዚህ ትምህርት ወደ ፊልሞና የተላከው መልእክት ታላቅ ምሳሌ ይሆነናል። 25 ቁጥር ብቻ ያለው ይህ መልእክት በእውነቱ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ጳውሎስ ስለ አናሲሞስ ለጌታው ለፊልሞና ሲጽፍ ደብዳቤውን ለዚያ ለአንዱ ሰው በልክ አዘጋጅቶታል፤ የፊልሞናን ቤት፣ ፍቅሩንና እምነቱን ያነሣል። ይሁን እንጂ የአናሲሞስን ያለፈ ታሪክ አልሸፈነም። ቀድሞ የማይጠቅም እንደ ነበረ፣ አሁን ግን ጠቃሚ መሆኑን በግልጽ ይናገራል (ቁ. 11)። ዕዳ ካለበትም እኔ እከፍላለሁ ብሎ ይህን ቃል በገዛ እጁ ጻፈ (ቁ. 19)። ስለዚህ ደብዳቤን ለአንባቢው እንዲስማማ አድርጎ መጻፍ ሐዋርያዊ ጥበብ ነው፤ የሚፈርመው ሰው ግን ለጻፈው ቃል ዕዳ ይገባል።

መ. ቤተ ክርስቲያን ስለ ሥራና ስለዚህ መሣሪያ

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ በ1883 ዓ.ም. (1891 እ.ኤ.አ.) ስለ ሠራተኞች ሁኔታ ታላቁን ሐዋርያዊ መልእክታቸውን ጽፈዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1974 ዓ.ም. (1981 እ.ኤ.አ.) ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት፣ ሥራ ለሰው እንጂ ሰው ለሥራ እንዳልተፈጠረ፣ ሥራ ማጣትም እንደ ክፉ ነገር ሊታገሉት እንደሚገባ አስተምረዋል። በሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረጡት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛም ከሁለት ቀን በኋላ ለካርዲናሎች ባደረጉት ንግግር፣ ስማቸውን የመረጡት ሊዮ 13ኛን በማሰብ መሆኑንና ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሰው ክብር፣ በፍትሕና በሥራ ላይ አዲስ ፈተና ማምጣቱን ገልጸዋል።

ከዚህ ቀደም ብሎ በጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 28 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.) ከቅድስት መንበር «አንቲኳ ኤት ኖቫ» የተባለ 117 አንቀጽ ያለው ሰነድ ወጥቶ ነበር። ሰነዱ መሣሪያውን አያወግዝም፤ የሰው ልጅ በተሰጠው አእምሮ የሠራው መሆኑን ይቀበላል። ነገር ግን መሣሪያው ከሰው አእምሮ ጋር እኩል እንዳልሆነና ኃላፊነቱ ዘወትር በሰው ላይ እንደሚቀር ያስተምራል። ይህም ስለ ጸሐፌ ትእዛዙና ስለ ማኅተሙ ከተናገርነው ጋር ይስማማል።

ሠ. አንድ ምሳሌ

ለትምህርቱ እንዲያመች አንድ ምሳሌ እናቅርብ። አንዲት ወጣት በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ የሆቴል መስተንግዶ ተምራ፣ ገርጂ አካባቢ ባለው የአክስቷ ካፌ ሁለት ዓመት ገንዘብ ተቀባይ ሆና ሠርታለች እንበል። ቦሌ ያለ አንድ ሆቴል የእንግዳ ተቀባይ እንደሚፈልግ አነበበች። ማስታወቂያውን ለመሣሪያው ሰጥታ «ለዚህ ሥራ ማመልከቻ ጻፍልኝ» አለችው። መሣሪያውም በጥሩ እንግሊዝኛ እንዲህ የሚል ደብዳቤ አቀረበላት፦

«በታወቁ ሆቴሎች ባካበትሁት የዳበረ ልምድ የእንግዶችን እርካታ ከፍ አድርጌአለሁ። የሥራ ባልደረቦቼን በብቃት መርቻለሁ። የሆቴል ሶፍትዌሮችን አቀላጥፌ እጠቀማለሁ።»

በዚህ ውስጥ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች አሉ፤ ከሦስቱ አንዱም ከእርሷ አልወጣም። መሣሪያው ማስታወቂያው የሚፈልገውን ወስዶ እርሷ ያደረገችው አስመስሎ መለሰላት። ብትፈርምበት በሦስት ነገር በሐሰት ትመሰክራለች፤ በቃለ መጠይቁም ላይ «የትኛው ሆቴል?» ብትባል መልስ የላትም።

አሁን ደግሞ ሌላውን መንገድ እንይ። ወጣቷ በመጀመሪያ በወረቀት ላይ፣ በገዛ እጇና በአማርኛ የሠራችውን ጻፈች። ካፌውን ጠዋት 12 ሰዓት ትከፍት እንደ ነበር፣ ማታ ሒሳቡን አመሳክራ ታስረክብ እንደ ነበር፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ጉድለት እንዳልተገኘባት፣ የሆቴል ሶፍትዌር በሥልጠና ጊዜ እንጂ በሥራ ላይ እንዳልተጠቀመችበት፣ እንግሊዝኛ በዝግታ እንደምትናገር ጻፈች። ከዚያም ይህንና ማስታወቂያውን ለመሣሪያው ሰጥታ «ከዚህ ከጻፍሁት ውጭ ምንም አትጨምር፤ የጎደለህ ነገር ካለ ጠይቀኝ፤ አጭርና ቀላል በሆነ እንግሊዝኛ ጻፍ» አለችው። የወጣውም ደብዳቤ በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦

«በአክስቴ ካፌ ሁለት ዓመት ገንዘብ ተቀባይ ነበርሁ። በየማታው ሒሳብ አመሳክሬ አስረክብ ነበር፤ ጉድለት አልተገኘብኝም። የሆቴል ሶፍትዌር በሥልጠና ጊዜ ተምሬአለሁ፤ በሥራ ላይ ግን ገና አልተጠቀምሁበትም። እንግሊዝኛ በዝግታ እናገራለሁ፤ እንግዳው የሚለውን ግን ደግሜ ጠይቄ አረጋግጣለሁ።»

የመጨረሻውን ሐረግ ልብ በሉ። «ደግሜ ጠይቄ አረጋግጣለሁ» የሚለውን ወጣቷ አልጻፈችም፤ መሣሪያው የጨመረው ነው። ጨዋ አነጋገር ስለሆነ በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ ደብዳቤው ከተጻፈ በኋላም እያንዳንዱን ቃል መመርመር ያስፈልጋል። ወጣቷ በእውነት እንዲህ የምታደርግ ከሆነ ትተወዋለች፤ ካልሆነ ታወጣዋለች። መወሰን የሚችለው እርሷን የሚያውቅ ብቻ ነው፤ ያም እርሷ ራሷ ናት።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ያማረ ነው፤ ሁለተኛው ግን አሠሪው ሊጠይቅበትና ሊያምነው የሚችል ነው። ገንዘብ ሳይጎድል ሁለት ዓመት ማስረከብ ለእንግዳ ተቀባይ ትልቅ ምስክርነት ነው። መሣሪያው ብቻውን ቢተው ይህን አይጽፈውም ነበር፤ አያውቀውምና።

ረ. «ሁሉም እንዲህ ያደርጋል» ለሚሉ

ይህን ትምህርት የሚሰማ ወጣት እንዲህ ሊል ይችላል፤ «ሁሉም ያጋንናል። እኔ ብቻ እውነቱን ብጽፍ ማን ይጠራኛል? የቤት ኪራይ በየወሩ ይደርሳል፤ እናቴ እኔን ትጠብቃለች።» ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ መምህራንም በቁጣ ሊመልሱት አይገባም። እውነት የጻፈ ሁሉ ሥራ ያገኛል ብለንም አንሰብክም። አንዳንድ ጊዜ ላያገኝ ይችላልና።

ሆኖም ሁለት ነገሮችን እንድናስብ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ፣ ሥራው አንድ ነው፣ አመልካቾች ግን ብዙ ናቸው። በሐሰት ልምድ ቦታውን የያዘ ሰው፣ ያንን ልምድ በእውነት በዓመታት ድካም ያገኘውን ሌላ ሰው ከፊቱ አስወግዷል። ያም ሰው የቤት ኪራይ አለበት፤ የምትጠብቀው እናት አለችው። ስለዚህ ጉዳዩ ስምንተኛውን ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን ስርቆትን የሚከለክለውን ሰባተኛውንም ይነካል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ያማረ ደብዳቤ ለሁሉም በነፃ በሚገኝበት ጊዜ ማማሩ ዋጋ ያጣል። አሠሪው ሁሉም «ትጉህና ልምድ ያለው» መሆኑን ሲያነብ ደብዳቤውን ትቶ ሌላ መመዘኛ ይፈልጋል፤ በቃል ይጠይቃል፣ በተግባር ይፈትናል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረትም የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ ይችላል። አበው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንዳሉት፣ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ደብዳቤው የሸፈነውን እጅ ይገልጠዋል።

በዚህም ላይ የበደሉን ክብደት መመዘን ተገቢ ነው። «እጅግ ትጉህ ነኝ» የሚል ቃል ትንሽ ጉራ ሊሆን ይችላል። ያልሠለጠነበትን የኤሌክትሪክ ሥራ፣ ያልተማረውን ነርስነት፣ ያልነዳውን ከባድ መኪና «ልምድ አለኝ» ብሎ መፈረም ግን የሰውን ሕይወት ለአደጋ መስጠት ነው።

ቀድሞ እንዲህ ባለ ደብዳቤ ሥራ የያዘ ሰው ምን ያድርግ? ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2487 በእውነት ላይ የተፈጸመ በደል ካሣ እንደሚያስፈልገው ያስተምራል። እንግዲህ ተስፋ ሳይቆርጥ ከንስሐ አባቱ ጋር ይማከር፤ «አውቃለሁ» ያለውንና የማያውቀውን ሥራ ፈጥኖ ይማር፤ ባለማወቁ ሰው የሚጎዳ ከሆነ ግን ሳይዘገይ ለኃላፊው ይንገር።

ሰ. አሠሪ ለሆኑ ምእመናን

ከምእመናኖቻችን መካከል ሱቅ፣ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት ወይም ድርጅት ያላቸው አሉ። እውነትን ከአመልካቹ ብቻ መጠበቅ ፍትሕ አይደለም። ለጽዳት ሥራ የረቀቀ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ፣ ለጀማሪ የሥራ መደብ የብዙ ዓመት ልምድ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ሰውን ወደ ማጋነን ይገፋዋል። ስለዚህ ሥራው በእውነት የሚያስፈልገውን ብቻ እንድትጠይቁ፣ በአማርኛም የሚቀርበውን ማመልከቻ እንድትቀበሉ፣ ያመለከተ ሰውም መልስ እንዲያገኝ እንድታደርጉ እንመክራለን።

በውጭው ዓለም ማመልከቻን አንብቦ የሚለየውም መሣሪያ እየሆነ መጥቷል። አማዞን የተባለው ኩባንያ አመልካቾችን ለመመዘን የሞከረው መሣሪያ ሴቶችን ዝቅ አድርጎ ይመዝን ስለ ነበር ኩባንያው እንደ ተወው በ2018 እ.ኤ.አ. ተዘግቧል። መሣሪያው የተማረው ካለፉት ዓመታት ማመልከቻዎች ነበር፤ እነዚህም በብዛት የወንዶች ነበሩ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ መዋል በጀመረው ሕጉ ለቅጥር የሚያገለግሉ መሣሪያዎችን ከፍተኛ አደጋ ካለባቸው መድቧቸዋል። መሣሪያ የጻፈውን መሣሪያ ብቻ የሚያነበው ከሆነ፣ በመካከሉ ያለው ሰው ከነድካሙና ከነተስፋው ሳይታይ ይቀራል።

ሸ. በቁምስና ሊደረግ የሚችል

መምህራንና የወጣቶች ማኅበራት የሚከተለውን አገልግሎት እንዲጀምሩ እናሳስባለን።

1. ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ እንግሊዝኛ በደንብ የሚያውቅ አንድ ምእመን ለሥራ ፈላጊዎች «አንባቢ» ሆኖ ይቀመጥ። ሥራው ደብዳቤ መጻፍ ሳይሆን፣ የተጻፈውን ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር በአማርኛ እየተረጎመ «እንዲህ ነውን?» ብሎ መጠየቅ ነው።

2. አመልካቹ መሣሪያውን ከመክፈቱ በፊት የሠራውን በአማርኛ፣ በገዛ እጁ ይጻፍ። ቀኑን፣ ቦታውንና ቁጥሩን ይጨምር።

3. «ትጉህ» ወይም «ብቁ» የሚል ቃል በደብዳቤው ሲገኝ፣ ያንን የሚያሳይ አንድ ሥራ ከጎኑ ይጻፍ፤ ካልተገኘ ቃሉ ይውጣ።

4. የፋይዳ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የቤተሰብ ምስጢር ለመሣሪያው አይሰጥ። አገራችን በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ጠባቂ ራሱ ባለመረጃው ነው።

5. ስልክ ወይም የኢንተርኔት ገንዘብ የሌለው፣ ማንበብም የሚያዳግተው ወንድም ወይም እህት ካለ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ይታገዝ። መሣሪያው ላላቸው ብቻ ጥቅም ከሆነ በድሆች ላይ አዲስ ርቀት ይጨምራልና።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ የድጋፍ ደብዳቤ እንደማያስፈልገው፣ ደብዳቤዎቹ እነርሱ ራሳቸው መሆናቸውን ነግሯቸዋል (2ኛ ቆሮ. 3፥1–3)። ወጣቶቻችን የወረቀት ደብዳቤ መጻፋቸው አይቀርም፤ ይጻፉም። ከወረቀቱ በስተ ኋላ ግን በሥራ ቦታ በየቀኑ የሚነበበው ሰውየው መሆኑን እናስተምራቸው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በመምረጥና በመጨመር መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ከራሳችሁ የሥራ ታሪክ ለእያንዳንዱ አንድ ምሳሌ ስጡ።

2. ለፊልሞና የተላከውን መልእክት በሙሉ አንብቡ። ጳውሎስ የአናሲሞስን ያለፈ ታሪክ ያልሸፈነው ለምን ይመስላችኋል?

3. አንድ ወዳጃችሁ በሐሰት ደብዳቤ ሥራ ማግኘቱን ብታውቁ ምን ትሉታላችሁ? ያጣው ሌላው አመልካች ዘመዳችሁ ቢሆንስ?

4. በቁምስናችሁ «አንባቢ» ሆኖ ሊያገለግል የሚችል ማን ነው? በዚህ ወር ለመጀመር የሚያግዳችሁ ነገር ምንድን ነው?

5. አሠሪ የሆናችሁ፣ በቅርቡ ያወጣችሁትን የሥራ ማስታወቂያ መልሳችሁ አንብቡ። ለሥራው የማያስፈልግ ምን ጠይቃችኋል?